ሁለት ዘፈን ያህል መንገድ

የዚያን ጊዜ ሃያ ዓመቴ ነበር። ሃያ መሆኔን የማውቀው ከወሎ በተጫንን ዕለት የመዘገበን ሰውዬ ፊቴን አይቶ «ሃያ» ብሎ ስለጻፈ ነው እንጂ፣ እናቴ ስትጠየቅ ከአንበጣው በኋላ ነው የተወለደችው ከማለት ሌላ የምትለው አልነበራትም። እንግዲህ ሃያ ነበርኩ። ሲስተር እልፍነሽ ደግሞ አርባን አልፈው ነበር።

ማረፋቸውን የሰማሁት ባለፈው ክረምት ነው። አሶሳ ገበያ በርበሬዬን አራግፌ ባጃጅ ውስጥ ስገባ አጠገቤ አንዲት ነርስ ተቀመጠች። ከወሬ ወሬ ሲነሣ የድሮው የሰፈራ ክሊኒክ ተነሣ፣ የሲስተርም ስም ተነሣ። «እህታቸው ዘንድ አዲስ አበባ ሆነው አረፉ እኮ፤ አልሰማሽም እንዴ?» አለችኝ። ሾፌሩን አቁም አልኩት። ወረድኩና ባዶ ዘንቢሌን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ በእግሬ ሄድኩ። ከዚያ እስከ ቤቴ ስድስት ዘፈን ያህል መንገድ ነው።

መንገድ በዘፈን ሲለካ ሰምታችሁ አታውቁ ይሆናል። እኛ አምባ የነበረ ሰው ሁሉ እንዲያ ነበር የሚለካው። ያስለመዱን እሳቸው ናቸው።

አሶሳ የመጣነው በድርቁ ዓመት ነው። ከከተማው በትራክተር ግማሽ ቀን የሚያስኬድ ቦታ ላይ ቀርከሃው ተመንጥሮ፣ የሣር ጎጆ በመስመር ተደርድሮ፣ «ይሄ አምባችሁ ነው» ተባልን። ሣሩ ሰው ይውጣል። ወባው አይጣል ነው። ጠዋት የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ በብረት ሲመታ ሁሉም ይሰለፋል፤ በብርጌድ ተከፍሎ እርሻ ይወርዳል። ቆርቆሮ የለበሱት ቤቶች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አንዱ ጽሕፈት ቤቱ፣ አንዱ ክሊኒኩ። እኔ ክሊኒኩ ውስጥ ጽዳት ሆኜ ተቀጠርኩ። ወለል እጠርጋለሁ፣ መርፌ እቀቅላለሁ፣ የታመመ አገላብጣለሁ። ፊደልም የለየሁት እዚያው ነው፣ የመድኃኒት ካርቶን ላይ፤ ማንም ተቀምጦ አላስተማረኝም።

ሲስተር የክሊኒኩ ነርስ ሆነው በመጡ በማግስቱ፣ ገና ቸርኬው ሳይመታ፣ ሰማያዊ ቱታ ለብሰው፣ ሸራ ጫማቸውን ጠበቅ አድርገው አስረው ከክሊኒኩ ወጡ። ወገባቸው ላይ ሳሙና የምታህል ጥቁር ሣጥን በመቀነት ሸብ አድርገዋል። ከሣጥኗ የወጣ ቀጭን ሽቦ ሁለት ጆሯቸው ውስጥ ገብቷል። ከዚያ ሮጡ። አርባ ያለፋት ሴት ማንም ሳያሳድዳት ስትሮጥ አይቶ የሚያውቅ የእኛ አገር ሰው አልነበረም። አንድ ሽማግሌ ጅብ የተከተላቸው መስሏቸው ዱላቸውን አንሥተው «የታለ? የታለ?» እያሉ ከኋላ ተከተሏቸው። ሲስተር አይሰሙም፤ ይሮጣሉ። ሽማግሌው እስከ ቀርከሃው ድረስ ከሮጡ በኋላ መሬት ላይ ቁጭ ብለው፣ ሰው ሁሉ እየሰማቸው፣ ይቺ ሴት ከደረሰባት ነገር አታመልጥም ብለው ተነሡ።

ሣጥኗ የኪስ ቴፕ ነች፤ ዎክማን ይሏታል። እህታቸው ከውጭ አገር አስመጥታ የሰጠቻቸው ነች። ለምን እንደሚሮጡ የነገሩኝ ግን ሰንበት ብለው ነው። እናታቸውን የገደላቸው ስኳር ነው፤ እሳቸውንም ይዟቸዋል። ግማሹ መድኃኒቴ ክኒን ነው፣ ግማሹ ደግሞ መንገድ ነው አሉኝ። ክኒኑ የሚመጣው ከአሶሳ በሚመጣ መኪና ነው። ክረምት ገብቶ መንገዱ ሲበላሽ ክኒኑ ይቀራል፤ የዚያን ጊዜ መንገዱን እጥፍ ያደርጉታል።

«ታዲያ ዘፈኑ ለምንዎ ነው?» አልኳቸው።

«እኔ ሰነፍ ነኝ፣ ጦይቢ። ዘፈኑ እጄን ይዞ ባይጎትተኝ እስከዚያ በር አልደርስም።»

ሰነፍ አልነበሩም። ሰነፍ ነኝ ማለት ግን ይወዱ ነበር፤ በሽተኛ እንዳያፍር ነው መሰለኝ። ወባ የጣለው ሰው ከአልጋው ሲነሣ፣ የወለደች ሴት አሥር ቀን ተኝታ ወገቧ ሲጠነክርባት፣ ሲስተር ሽቦውን ጆሯቸው ላይ ያደርጉና «ሁለት ዘፈን ያህል ብቻ፤ ከዚያ እንደኔ ትሰንፊያለሽ» ብለው ግቢውን ያዞሯቸዋል። መጀመሪያ ለእኔ ያደረጉልኝ ቀን ዘፋኙ ከኋላዬ የቆመ መስሎኝ ዞሬ ነጠላዬን አስተካከልኩ። እስኪያለቅሱ ሳቁብኝ። ቀስ በቀስ አምባው በሙሉ ወፍጮው ሦስት ዘፈን ነው፣ ወንዙ አምስት ነው ይል ጀመር። ሽቦው ጆሮው ገብቶ የማያውቅ ሰው ሳይቀር።

ካሴቱ አንድ ገጹ ግማሽ ሰዓት ነው። ሲያልቅ «ቷ» ብሎ ይቆማል። ሲስተር «ቷ» ሲል ካሴቱን ገልብጠው ይመለሳሉ፤ ሌላኛው ገጽ ሲያልቅ ክሊኒኩ በር ላይ ናቸው። ሰዓት አይዙም ነበር። ክሊኒኩ ውስጥ ያለችው ሰዓት የእጃቸው ሰዓት ብቻ ስለሆነች፣ ሲወጡ አውልቀው ለእኔ ይሰጡኛል። መርፌው ከፈላ በኋላ ሃያ ደቂቃ መቀቀል አለበት፤ አንድ ደቂቃ ብታጎድይ ሰው ትገድያለሽ ብለውኛል። እኔ በሰዓታቸው መርፌ እቀቅላለሁ፣ እሳቸው በካሴት ይሮጣሉ።

ከአምባው የሚወጣው መንገድ ቀርከሃው ውስጥ ገብቶ ወደ ምዕራብ ይሄዳል፤ መጨረሻው ሱዳን ነው ይባላል። ካሴቱ «ቷ» የሚለው ኢብራሂም የሚባል የአገሬው ተወላጅ፣ የበርታ ገበሬ ማሳ ዳር፣ ከመንገዱ ወጣ ብሎ ያለ ትልቅ ማንጎ አጠገብ ነው። ኢብራሂምን አውቀዋለሁ። ሚስቱ እግሯ ዝሎ በቃሬዛ አምጥቷት፣ ሲስተር ሁለት ወር በዘፈን አስኪደዋታል። ከዚያ በኋላ ማንጎው ሥር ቆሞ ይጠብቃቸው ነበር። «ሲስተር፣ ሚስቴ ዛሬ አራት ዘፈን ሄደ» ይላቸዋል፤ ማንጎ ይሰጣቸዋል፤ በአንድ እጃቸው ካሴት፣ በአንድ እጃቸው ማንጎ ይዘው ይመለሳሉ።

በነሐሴ ነገሩ ተበላሸ። ከአምባው ብዙ ሰው በአንድ ሳምንት ጠፋ፤ በቀርከሃው በኩል ሱዳን ገቡ ተባለ። የአምባው ካድሬ ጓድ አያሌው ሰበሰበን። ከሲታ፣ ሁልጊዜ እስክሪብቶውን የሚያፍተለትል ሰው ነበር፤ ሰው በጠፋ ቁጥር እሱ ከበላይ ይጠየቃል፣ ይሄ ደግሞ ፊቱ ላይ ይታያል። ከማንጎው ወዲያ የሚሊሻ ኬላ ቆመ። የይለፍ ወረቀት ያልያዘ ሰው ከማንጎው ካለፈ ጥይት ነው አለ። ሲስተር እጃቸውን አወጡና እኔስ ብለው ጠየቁ።

«እርስዎ እስከ ማንጎው ይፈቀድልዎታል፣ ሲስተር። አንድ እርምጃ ካለፉ ግን እኔን ጥፋተኛ አያድርጉኝ።»

ሲስተር እጃቸውን አወረዱ።

አሁን ስለ ወንድሜ ልናገር ነው። ይመር በአሥር ዓመት ይበልጠኛል። በተጫንን ቀን ሚስቱና ሕፃን ልጁ በሌላ መኪና ነው የሚመጡት ተብሎ ተለያይተው፣ መኪናው ሳይመጣ ቀረ። ሞቱ የሚል የለም፣ አሉ የሚል የለም። ይመር ከእርሻ ሲመለስ ገመድ ይገምዳል፣ አይናገርም። አንድ ትንሽ ሬዲዮ ነበረችው፤ ከአሶሳ ከአንድ ሾፌር በሁለት ኩንታል ቦሎቄ ለውጦ ያመጣት ነች። ሬዲዮ ያለው ሰው ጽሕፈት ቤት ማስመዝገብ አለበት። ይመር አላስመዘገበም፤ የሚፈልገው የውጭውን ጣቢያ ነውና። የውጭ ጣቢያ ያዳመጠ ደግሞ ምን እንደሚሆን ሁሉም ያውቃል። እሱ ስለ መንግሥት ግድ አልነበረውም። ያ ጣቢያ ስለ እኛ አገር ያወራል ሲባል ሰምቷል፤ ዝናብ ጣለ ወይስ አልጣለም፣ ያንን ብቻ ነበር የሚፈልገው። ዘንቦ ከሆነ ሚስቱ የምትቀምሰው አግኝታለች ማለት ነው።

ሬዲዮዋ ድንጋይ አልቆባት ዝም ብላ ነበር። የእሷ የባትሪ ድንጋይና የሲስተር ቴፕ ድንጋይ አንድ ዓይነት ነው፣ ሁለት ትንንሽ። የሲስተርን ድንጋይ የማስተዳድረው እኔ ነበርኩ። ያለቀውን ነክሼ፣ በጋ ሲሆን ቆርቆሮው ላይ ፀሐይ አስመታዋለሁ፤ ክረምት ሲሆን ከመርፌ መቀቀያው የላምባ ምድጃ አጠገብ አሞቀዋለሁ፤ ትንሽ ነፍስ ይዘራል። የዚያን ሰሞን አንድ አዲስ ጥንድ በመድኃኒት መኪና ተልኮላቸው ነበር። መንገዱ ከዚያ በኋላ ተዘጋ።

ይመር ሦስት ቀን ለመነኝ። እኔን ለምኖኝ አያውቅም ነበር። አንድ ሳምንት ብቻ፣ ከዚያ እመልሰዋለሁ አለኝ። እንግዲህ ሰጠሁት። የሲስተርን አዲስ ድንጋይ አውጥቼ ለወንድሜ ሰጠሁ፤ ያለቀውን በምድጃው ዳር አሙቄ ቴፑ ውስጥ መለስኩ። ሲከፈት ደህና ጮኸ። ደህና ነው ብዬ ቀረሁ።

ለሳምንት ያህል ማሞቁ ሠራ። ከዚያ አንድ ጠዋት ጉም ነበር፤ የአሶሳ የነሐሴ ጉም፣ እጅህን ዘርግተህ የማታየው። ሲስተር ሰዓታቸውን ሰጥተውኝ ወጡ። ድንጋዩ ገና ትኩስ ነበር።

የሆነውን በኋላ ነው የሰማነው። ድንጋዩ ሲቀዘቅዝ ካሴቱ መጎተት ጀመረ። ግማሽ ሰዓቱ እየረዘመ ሄደ። የዘፋኙ ድምፅ ሲወፍር ሰምተዋል፤ እርጥበት ገብቶት ነው ብለው አላቆሙም። ማንጎውን ጉም ሸፍኖታል። ኢብራሂም ቆሞ ነበር፣ በአጠገቡ ሲያልፉ ጠርቷቸዋል፤ ጆሯቸው ውስጥ ዘፈን ነው። «ቷ» አላለም፤ እሳቸውም አልቆሙም። ኬላው ላይ የነበረው ሚሊሻ እግር ሰማ። ቁም አለ። ቁም አለ። ሦስተኛ ሲል ጠመንጃውን አቀባብሎ ወደ ሰማይ ተኮሰ። ተኩሱንስ ሰሙት። ቆሙና በእጃቸው ጆሯቸውን ያዙ።

ተኩሱ ክሊኒኩ ድረስ ተሰማ። የያዝኳት ሰዓት ሲስተር ከወጡ ሠላሳ አራት ደቂቃ እንደሆነ ታሳይ ነበር። ሰዓቷን አይቼ ምን እንዳደረግኩ ወዲያው ገባኝ፤ መርፌው ውኃው አልቆ እስኪያርር ድረስ ከቆምኩበት አልተንቀሳቀስኩም።

ከእህል መጋዘኑ ጎን ባለች ክፍል አስገቧቸው። ጓድ አያሌው ቴፑን ጽሕፈት ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ከፈተ። እኔ የክሊኒኩ ሠራተኛ ስለሆንኩ ተጠርቼ በር ላይ ቆሜያለሁ። ድንጋዩ ሊሞት አንድ ሐሙስ ነው የቀረው። ከቴፑ የሚወጣውን ድምፅ እኔ ድረስ እሰማዋለሁ፤ ጉድጓድ ውስጥ ያለ ሰው እንደሚያቃስት ዓይነት ነው።

«ይሄ ምንድነው?» አለ።

ሲስተር ዘፈን ነው አሉት።

«ዘፈን እንዲህ ያቃስታል? ይሄ መልእክት ነው። በየማለዳው ወደ ድንበር እየሮጥሽ መልእክት ትቀበያለሽ። ሰው የሚጠፋው በማን መሪነት ነው ብዬ ስጨነቅ ነበር።»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ «አንቺ» ይላቸው ጀመር። ድንጋዩ አልቆ ነው፣ ድንጋይ ሲያልቅ ድምፅ ይወፍራል ብለው በትዕግሥት ሊያስረዱት ሞከሩ። ጓድ አያሌው የሚያውቀው በጄኔሬተር የሚሠራውን የጽሕፈት ቤቱን ትልቅ ቴፕ ብቻ ስለሆነ ድምፅ ሲወፍር ሰምቶ አያውቅም ነበር፤ ጄኔሬተር ወይ ይሠራል ወይ ይጠፋል። ሊያጣራ የቴፑን ጀርባ ከፍቶ ድንጋዮቹን ጠረጴዛው ላይ አንከባለላቸው። ሁለቱም ላይ የጥርሴ ምልክት አለ። ሲስተር አዩት። ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ቀጥለውም ከእኔ ላይ ዓይናቸውን አንሥተው፣ ወደ አሶሳ የሚወስደኝ መኪና መቼ ነው የሚመጣው ብለው ጓድ አያሌውን ጠየቁት።

መንገዱ በዚያ ሰሞን ተጠግኖ ነበርና መኪናው ሐሙስ ይመጣል ተባለ። ሐሙስ ወደ አሶሳ ይወሰዳሉ፤ ሰው ወደ ሱዳን በማስኮብለል ተከሰው። ያን ጊዜ በዚያ የተከሰሰ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚነግርህ አልነበረም። ዕለቱ ሰኞ ነው።

ውኃ ይዤላቸው እገባ ነበር። ክኒናቸው ካለቀ ቀናት አልፈዋል። የታሰሩባት ክፍል ወርዷ አራት እርምጃ ነው። ሲስተር ከግድግዳ ግድግዳ ይመላለሳሉ፤ ከንፈራቸውን ገጥመው ዘፈኑን ራሳቸው ያንጎራጉራሉ። ውጭ የቆመው ሚሊሻ ራሱ ይቆጥር ነበር። ማክሰኞ ማታ ላይ እግራቸው አብጦ፣ ከንፈራቸው ደርቆ፣ ውኃ ጠጥተው አይረኩም። ሽንት ቤት ውሰዱኝ እያሉ ሚሊሻውን በየሰዓቱ ያስነሡታል። ያ ምን ማለት እንደሆነ እሳቸው ዘንድ ተምሬያለሁ።

«ስንት ሆነ?» አልኳቸው።

«ዘጠኝ ዘፈን። ስንፍናዬ መጣ መሰለኝ።»

እግራቸው ላይ ወድቄ ልናገር ስል አፌን በእጃቸው ያዙት። ድንጋዩን ቤት የያዘው ማነው አሉኝ፣ በቀስታ። ወንድሜ አልኳቸው። በቃ ሂጂ፣ መርፌ ቀቅይ አሉኝ።

ኢብራሂም ረቡዕ ዕለት ማንጎ ተሸክሞ ጽሕፈት ቤት መጣ። በአማርኛው መሰከረላቸው። «ሲስተር ሁልጊዜ ማንጎ ጋር ይመለሳል። አንድ ቀን አላለፈም። ወላሂ ጉም ነው፣ እኔ ራሴ ላሜን አላየሁም።» ጓድ አያሌው አንተ ሱዳን ወንድም የለህም ወይ አለው። ኢብራሂም አለኝ አለ፤ መዋሸት አይችልም። ሁለተኛ እዚህ እንዳላይህ ብሎ አባረረው። ማንጎውን በር ላይ ትቶት ሄደ።

ያን ዕለት ማታ ለይመር ሁሉንም ነገርኩት። ገመዱን እየገመደ ሰማኝ። ድንጋዩን ዝም ብዬ ልውሰድ አልኩት፤ ክሊኒክ ጥዬው ነበር፣ አሁን አገኘሁት እላለሁ አልኩት። ዘጠኝ ቀን የት ነበር ይሉሻል አለኝ። ድንጋይ ብቻውን ምን ያደርጋል፣ ወይ ሬዲዮ ነው ወይ ቴፕ ነው፣ ይሄንን ጎጆ ገልብጠው ይፈትሹታል አለ። ቅበራት አልኩት፤ ሬዲዮዋን ቅበራትና ድንጋዩን ስጠኝ።

«መኪናው ነገ ስንት ሰዓት ነው?»

«ከምሳ በፊት ነው አሉ።»

ወደ ገመዱ ተመለሰ። እኔም ወንድሜን አሳልፌ እንደማልሰጥ አወቅኩ፣ ሲስተርንም መኪና ላይ ሲወጡ ቆሜ እንደማላይ አወቅኩ። ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚሆኑ አላውቅም ነበር።

ሐሙስ ማለዳ ቸርኬው ተመታ፤ ይመር እንደማንኛውም ቀን ዶማውን ይዞ ተሰለፈና ወረደ። እኔ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። መኪናው በር ላይ ቆሟል። ሲስተርን አምጥተው ወንበር ላይ አስቀምጠዋቸዋል፤ ወንበሩን በሁለት እጃቸው ይዘው ነው የተቀመጡት። ጓድ አያሌው ወረቀት ይሞላል። ልናገር ነው አልኩት። ያለቀውን ድንጋይ ቴፑ ውስጥ የጨመርኩት እኔ ነኝ፣ አዲሱን አውጥቻለሁ፣ ይኸው ጥርሴ ነው አልኩና ድንጋዩን አንሥቼ አፌ ውስጥ አድርጌ አሳየሁት።

እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«አዲሱ የት አለ?»

ድንጋዩን ጠረጴዛው ላይ መለስኩ።

«ምን ልታደርጊበት ወሰድሽው? ቴፕ አለሽ?»

የለኝም አልኩት።

«ሬዲዮ አለ ቤታችሁ?»

የዚያን ጊዜ ሲስተር ከወንበራቸው ተነሡ። ሦስት ቀን ያንን ሁሉ ሲመላለሱ ተኝተው አያውቁም፤ ግድግዳውን ተደግፈው ነው የቆሙት።

«ልጅቷን ተዋት» አሉ። «እኔን ለማዳን ነው የምትቀባጥረው። አዲስ ድንጋይ አልነበረኝም። አሮጌውን የጨመርኩት እኔ ራሴ ነኝ። ጻፍና መኪናህ ይሂድ።»

ጓድ አያሌው ከወረቀቱ በላይ አየኝ፣ እሳቸውን አየ። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ከሁለታችን ማንን ማመን እንዳለበት ያልገባው ሰው ፊት ነበር። ሚሊሻውን ጠርቶ የዚህችን ቤት ፈትሹ ሊል አፉን ከፍቷል። በሩ ላይ ሰው ቆመ።

ይመር ነው። እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። በጋቢው የተጠቀለለ ነገር ይዟል። ገባና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ፈታው፤ ሬዲዮዋ ነች።

«ድንጋዩ እዚህ ውስጥ ነው» አለ። «እህቴን አታልዬ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ሲስተር አያውቁም።»

ጓድ አያሌው ሬዲዮዋን ገልብጦ ከፈተ። ድንጋዮቹን አውጥቶ በራሱ እጅ ቴፑ ውስጥ አስገባ። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረገ። ከፈተው። ዘፈኑ እኔ ቆሜ ካለሁበት ቦታ ድረስ ተሰማኝ፤ ጥርት ያለ፣ ፈጣን፣ የሲስተር የጠዋት ዘፈን። ካድሬው ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠ።

ሲስተር ሰዓቴን ስጪው አሉኝ። ሰጠሁት። «ቷ» ሲል ማንጎው ጋ እንደሚዞሩ ነግረው፣ ካሴቱን ከመጀመሪያው እንዲያስጀምርና እስኪያልቅ እንዲቆጥር ጠየቁት፤ ያን ጠዋት ተኩሱ ሲሰማ ሠላሳ አራት ደቂቃ ሆኖ እንደነበር እኔ ነገርኩት። ምን ነክቶት እሺ እንዳለ እስካሁን አላውቅም፤ ምናልባት እሱም ማወቅ ፈልጎ ይሆናል። አምስታችን፣ ካድሬው፣ ሚሊሻው፣ ሲስተር፣ ይመርና እኔ፣ ግማሽ ሰዓት ተቀመጥን። ሾፌሩ ውጭ ጥሩምባ ነፋ። ካድሬው በአንድ ጆሮው ዘፈን፣ በዓይኑ ሰዓት ይዞ ነው። ሃያ አምስት ደቂቃ። ሃያ ስምንት። ሠላሳ ሲሞላ አልቆመም። የሲስተርን ፊት ማየት አልቻልኩም፤ የይመርን የጭቃ እግር አየሁ። ሠላሳ አንድ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ሣጥኗ «ቷ» አለች።

ካድሬው ማዳመጫውን አወለቀ። ወረቀቱን ለሁለት ቀደደው። ይሂዱ፣ ሲስተር አለ፤ ወደ «እርስዎ» ተመለሰ ማለት ነው። ከዚያ አዲስ ወረቀት አወጣና የይመርን ስም ጠየቀ።

ለሲስተር የመጣው መኪና ይመርን ይዞ ሄደ። ሊወጣ ሲል ወደ እኔ ጎንበስ አለ።

«ጦይባ፣ ጥሏል። ባለፈው ሳምንት ሰማሁት። እኛ አገር ዘንቧል።»

መኪናው ሲንቀሳቀስ ሲስተር ሸራ ጫማቸውን አስረው ተነሡ። ከኋላው በእግራቸው ተከተሉ። እምቢ አልኳቸው፣ ያዝኳቸው፤ ክንዳቸውን አስለቅቀው ሄዱ። የአሶሳው መንገድ እስከሚገነጠልበት፣ እስከ ማንጎው ሄደው ተመለሱ፤ እየወደቁ፣ እየተነሡ፣ ያለ ዘፈን። ማዳመጫው አንገታቸው ላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት አብረን ሠራን። ስለዚያ ነገር ወቅሰውኝ አያውቁም፤ ድንጋይ ማስተዳደሩንም አልነጠቁኝም። አንድ ነገር ብቻ ቀየሩ። ሲሮጡ ማዳመጫውን አንድ ጆሯቸው ውስጥ ብቻ ያደርጉ ነበር። ለምን ስላቸው፣ ሌላውን ለኢብራሂም ትቼለታለሁ ይሉኝ ነበር።

ይመር ከአምስት ወር በኋላ ተፈታ። በተፈታ ዕለት አልመጣም። አሶሳ ገበያ ሁለት ቀን ጆንያ ተሸክሞ ሁለት የባትሪ ድንጋይ ገዛ። ከዚያ በእግሩ ወደ አምባ መጣ። ቤት አልገባም፤ ቀጥታ ክሊኒክ ሄደ። ሲስተር የሰው ቁስል እያጠቡ ነበር። ድንጋዩን በወረቀት እንደተጠቀለለ መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠላቸው፣ ጎንበስ ብሎ ሰላም አላቸው፣ እኔን ዶማዬን የት አደረግሽው ብሎ ጠየቀኝና ወደ እርሻ ወረደ።